ጫቱ ሲቆም ስምንት ሰዓትን ማን ይሞላዋል? ከሱስ መውጣት፣ የአእምሮ ጤናና የሰው ድጋፍ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፍራሹ ተነጥፏል። ዕጣኑ ይጨሳል። ኦቾሎኒው በሳህን፣ ሻዩ በፔርሙስ ቀርቧል። ጀምዓው አንድ በአንድ ይገባል፤ ጫማውን ያወልቃል፣ ትራሱን ይደገፋል፣ "ጀባ" ይባባላል። በርጫው ተጀመረ።

የማውቀው አንድ ሰው ጫት ካቆመ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ሐራራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ሐራራውስ ያልፋል፤ የማያልፈው ስምንት ሰዓት ነው" አለኝ። ለብዙ ዓመታት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚሄድበት ቤት ነበረው። እዚያ ጨዋታ አለ። ሥራ ያገኙለት ወዳጆች አሉ። አባቱ ሲሞት ድንኳን ውስጥ አብረውት ያደሩ ሰዎች አሉ። ጫቱን ሲተው እነሱንም አብሮ ተወ።

ስለ ሱስ ስናወራ ስለ ቅጠሉና ስለ ጠርሙሱ እናወራለን። ስለ ስምንት ሰዓቱ ብዙም አናወራም። ከሱስ ለመውጣት የሰው ድጋፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ግን ከዚያ ሰዓት መጀመር ይሻላል።

የሚጠጣና የሚቅም ሁሉ ሱስ አለበት?

የለበትም። በበዓል ጠላ የሚቀምስ ሰው ሱስ አለበት አይባልም። ሐኪሞች ሦስት ነገር ያያሉ። አንደኛው መቆጣጠር ማቃት ነው፤ "ሁለት ብቻ" ብሎ ገብቶ ኪሱ ባዶ እስኪሆን የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ከሁሉ ነገር ማስቀደም ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሥራ፣ ጤና ከመጠጡ ኋላ ሲሰለፉ። ሦስተኛው የሰውነት መልመድ ነው። ድሮ በአንድ ይገኝ የነበረው ስሜት አሁን ሦስት ይፈልጋል፤ ሲቆም ደግሞ ሰውነት ያምፃል። ከሦስቱ ሁለቱ አብረው ለወራት ከታዩ ነገሩ ከልማድ አልፎ ሕመም ሆኗል።

በአማርኛ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ጥሩ ቃላት አሉን። ሐራራ የለመዱትን ነገር ሲያጡ የሚመጣው የሚያንገበግብ ፍላጎት ነው። ዱካክ ቃሚ ሳይቅም ሲያድር በእንቅልፉ የሚመጣበት ቅዠት ነው። ብዙ ሰው ዱካክን መንፈስ ነው ብሎ ይፈራዋል። ሐኪሞች ግን ጫት ሲቋረጥ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ አድርገው ያዩታል። ማገርሸት ደግሞ ተሻለው ሲባል ተመልሶ መጀመር ነው። ለወባም የምንጠቀምበት ቃል ነው፤ መሆኑም ትክክል ነው፤ ሁለቱም ሕመም ናቸውና።

አንጎል ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ለጋ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጫት ሲጠወልግ ይህ ንጥረ ነገር ኃይሉን ያጣል። ቃሚ ትኩሱን የሚፈልገው፣ የጫት መኪናም መንገድ ላይ እንደዚያ የሚበረው በዚህ ምክንያት ነው። ካቲኖን አንጎላችን ደስታና ንቃት የሚያድልበትን ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል በአንዴ ይለቀዋል። ምርቃና የምንለው ይህንን ነው።

አራጣ አበዳሪን ማሰብ ይቻላል። ወረቀት ሳያበዛ፣ ዋስ ሳይጠይቅ፣ እንካ ብሎ ይሰጣል። ማታ ግን ወለዱን ሊሰበስብ ይመጣል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ ድብርት። ያንን ለመክፈል በማግስቱ እንደገና ይበደሩታል። ውሎ አድሮ ሰውየው የሚቅመው ለመመርቀን መሆኑ ይቀራል፤ እንደ ሰው ለመዋል ብቻ ይቅማል። መጠጥም መንገዱ ቢለይም መጨረሻው ወደዚሁ ነው።

ታዲያ ጉዳቱን እያወቀ ለምን በቃኝ አይልም?

ይላል። አሥር ጊዜ ብሎ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ነው። ግንዱ ቢወድቅም ሥሩ አለ። የዕጣን ሽታ፣ የደመወዝ ቀን፣ የአንድ ወዳጅ ስልክ፣ የሰፈሩ መታጠፊያ፣ እያንዳንዱ ሥሩን ውሃ ያጠጣዋል። አንጎል እነዚህን ከምርቃናው ጋር አስሮ አስቀምጧቸዋል። ሰውየው ወኔ ስላነሰው አይደለም። ይህን ደጋግሜ መናገር እወዳለሁ፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው "ቢወደን ኖሮ ይተወው ነበር" በሚል ሐሳብ ነውና። ይወዳቸዋል። አልቻለም።

ከአእምሮ ሕመም ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ያገናኘዋል። ጨብሲን እንውሰድ። ቃሚ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ ይጠጣል። ጠጥቶ ይተኛል። ጠዋት ራሱ ከብዶት፣ ስሜቱ ወድቆ ይነሳል። ያንን ለማንሳት ይቅማል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ድብርቱ ሱሱን ያመጣው ይሁን ሱሱ ድብርቱን፣ ባለቤቱም መለየት ያቅተዋል። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያም ሱሱን የጀመረው ጭንቀትን ለማስታገስ ነው። እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ያየው ነገር ከዓይኑ የማይጠፋ ሰው መጠጡን እንደ መድኃኒት ይዞታል።

ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ጫት ሕመሙን ሊቀሰቅስበት፣ የሚወስደውንም መድኃኒት ሥራ ሊያበላሽበት ይችላል። ስለዚህ "መጀመሪያ ሱሱን ተው፣ ከዚያ ስለ ጭንቀትህ እናወራለን" ማለት አይሠራም። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚታዩት።

ሌላ ሰው እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ ሆቴል ይዟል። መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው። የመጣበት ሥራ ከሽፏል። ኪሱ ባዶ ነው። ከአዳራሹ በአንድ በኩል መጠጥ ቤቱ ይንጫጫል፤ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። ለቀሳውስት እየደወለ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲያገኙለት ለመነ።

ያገናኙት ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ነው። ይህ ሐኪም ራሱ መጠጥ አሸንፎት ነበር። ሌላ ስብከት መስሎት ለ15 ደቂቃ ብቻ ተስማማ። ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ቢል አልመከረውም። የራሱን ውድቀት ነው የነገረው። ቦብ የመጨረሻ መጠጡን የጠጣበት እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1935 አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ስሙ ሲተረጎም ማንነታቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች እንደማለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር አለ። ክፍያ የለውም። ስምን በሙሉ መናገር ግዴታ አይደለም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ቢል ስልኩን ያነሣው ለምን እንደሆነ ነው። ሌላውን ሊያድን ብቻ አልነበረም። እሱ ራሱ በዚያች ማታ እንዳይጠጣ ነው። ሊረዳ የሄደው ሰው ራሱ እርዳታ አገኘ። የእነዚህ ማኅበራት ሞተር ይህ ነው። አዲስ የገባ ሰው "እኔም እንዳንተ ነበርኩ፣ አሁን ሦስት ዓመቴ" የሚል ሰው በዓይኑ ያያል። ሐኪሙ የማይሰጠው ተስፋ ነው። የቆየው ደግሞ አዲሱን ሲያይ የመጣበትን ያስታውሳል። የመጀመሪያው በሌሊት ሐራራ ሲነሣበት የሚደውልለት አለው፤ ሁለተኛው የሚጠብቀው ሰው ስላለ ራሱን ይጠብቃል።

ይህ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና መረጃ መርማሪ ድርጅት 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች ሰብስቦ መረመረ። ሰዎችን ወደዚህ ማኅበር አስገብቶ የሚከታተል ሕክምና ያገኙትን ከሌሎች የምክር ሕክምናዎች ጋር አነጻጸረ። ከዓመት በኋላ ምንም ሳይጠጡ የቆዩት በመጀመሪያው ከ100 ሰው 42፣ በሌሎቹ 35 ያህል ነበሩ። ቁጥሩን በትክክል እናንብበው። ማኅበሩ ብዙዎችን ረድቷል። ከግማሽ በላይ ግን በዓመቱ ውስጥ ጠጥተዋል። ሱስ ይህን ያህል ከባድ ነው፤ አንድ መንገድ ብቻም ለሁሉም አይበቃም።

የሠለጠነ ሐኪም የሌለበት አገርስ?

ወደ ዚምባብዌ እንሂድ። ዲክሰን ቺባንዳ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ሲከታተላት የነበረች አንዲት ወጣት ወደ ሆስፒታል የምትመጣበት የአውቶብስ ገንዘብ አጥታ ሕይወቷን አጠፋች። ሐኪሙ ይህን ታሪክ በአደባባይ ደጋግሞ ተናግሮታል። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም መምጣት ካልቻለ ሕክምናው ወደ ሰፈሩ ይሂድ አለ። ግን ማን ይስጠው? በእጁ የነበሩት እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር በጤና በጎ ፈቃደኝነት የሚሠሩ 14 አሮጊቶች ነበሩ።

እነዚህን እናቶች ሰውን ማዳመጥን፣ ችግርን በትንሽ በትንሹ ከፍሎ መፍታትን አሠለጠኗቸው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። "የወዳጅነት ወንበር" ተባለ። "ዲፕሬሽን" አላሉም። በሾና ቋንቋ "ኩፉንጊሲሳ" አሉት፣ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛስ "ሐሳብ በዛበት" እንል የለ? ሐሳብ የበዛበት ሰው ስድስት ጊዜ ያህል ከአንድ እናት ጋር ተቀምጦ ያወራል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ያለፉበት የድጋፍ ቡድን ውስጥ ይገባል። እዚያ በክብ ተቀምጠው ቦርሳ እየሠሩ ያወራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሏል። ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል የድብርት ምልክት አሁንም የታየባቸው 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ውስጥ ግን ግማሽ ያህሉ አሁንም በድብርት ውስጥ ነበሩ።

በእኛ አገርስ?

አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ሌሎች ሆስፒታሎችም ሕክምናውን ይሰጣሉ፤ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ይሠለጥናሉ። ሆኖም ሐኪም ቤት ክኒን ይሰጣል እንጂ ስምንት ሰዓትን አይሞላም።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተሠራ አንድ ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 166 ሰዎች ተሳተፉ። አንዱ ወገን የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ አገኘ። ሌላው ከሕክምናው ጋር የሰፈር ድጋፍ ተጨመረለት። ድጋፉን የሰጡት አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ለአምስት ሳምንታት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ቤት ለቤት ሄዱ። ቤተሰቡን አነጋገሩ። መድኃኒቱ ለምን እንደሚቋረጥ ጠየቁ። የሰፈሩን ሰው አግባቡ። ከዓመት በኋላ ድጋፉ የተጨመረላቸው ሰዎች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው፣ ማለትም ራስን በመጠበቅ፣ በሥራ፣ ከሰው ጋር በመዋል የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እድር አለን። ማኅበር አለን። ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ለቅሶ እንቀመጣለን፤ ምግብ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። መጠጥ ላቆመ ሰውም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጅግ ከባዶቹ ናቸው። ለእሱ ግን የሚቀመጥለት የለም። ይልቁንም በሩ ይዘጋበታል። እናቱ ለጎረቤት "ትንሽ አሞት ነው" ትላለች፣ ስለምታፍር።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ማኅበራችን የሚደግፈውን ያህል ወደ ሱሱም ይመልሳል። ድግስ ላይ "አልጠጣም" ያለ ሰው ምን ይባላል? "በሞቴ! አንዴ ብቻ ቅመስ!" ከፍቅር ነው የሚባለው። መጠጥ ካቆመ ወር ያልሞላው ሰው ጆሮ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስቀርቷል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ ከልክሏል። የድግሱን "በሞቴ" ግን የሚያስቀረው ደጋሹ ብቻ ነው። ጠላው አጠገብ አንድ ማሰሮ ብርዝ ማስቀመጥ፣ ለምን አልጠጣህም አለመባሉን ማረጋገጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ጸበልስ?

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሰው እምነቱን ይዞ መሄዱ ጉልበት ይሆነዋል፤ ጸበል ቦታ የሚገኘው አብሮነትም ቀላል አይደለም። አደጋው ያለው "ጸበል እየተጠመቅህ ክኒን አትውሰድ" ሲባል ነው፤ ከዚያም በላይ ሰው ሲታሰርና ሲደበደብ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ አጥማቂ አባቶችና ሐኪሞች ተነጋግረው አብረው ያገለገሉበት ሁኔታ አለ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሚያጠምቁት አባትም ለሐኪሙም ሁለቱንም በግልጽ ቢናገር ይጠቅመዋል።

የሰው ድጋፍ ብቻ የማይበቃው መቼ ነው?

ይህን ክፍል እባክዎ አይዝለሉት።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። ቀጥሎ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ያለበትን ሊስት ይችላል። ይህ "ወኔው ይፈተን" የሚባልበት ጊዜ አይደለም። አረቄ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠጣ ሰው ላቁም ሲል መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጤና ተቋም ውስጥ የሚሰጥ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሕይወት ያተርፋሉ። የጫት መቋረጥ ሰውነትን እንዲህ አይጥልም፤ ግን ከባድ ድብርት ሊያመጣ ይችላል።

ሰው "ብሞት ይሻለኛል" ካለ ደግሞ እውነቱን ነው ብለው ይያዙት። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ብቻውን አይተዉት። የተባይ መርዝ፣ ብዙ ክኒን፣ ገመድ ከቤት ይራቅ። አብረውት ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። "ሂድ" ማለት አይበቃም።

ቤተሰብ ከየት ይጀምር?

ከሰዓቱ። ሰውየው የሚቅምበት ወይም የሚጠጣበት ሰዓት ይታወቃል። ያንን ሰዓት የሚይዝ ነገር ከእሱ ጋር ይፈለግ፤ ሥራ፣ የእግር መንገድ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ኳስ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አገልግሎት። ምክር በስካር ሰዓት አይገባም፤ ጠዋት፣ ቡና ላይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ይሁን። የደመወዝ ቀን አብሮት የሚውል አንድ ሰው ቢኖር ይረዳል። "ሱሰኛ" የሚለው ስም ከቤት ይውጣ። በስሙ ይጠራ። ሚስትና እናትም የሚያወሩት ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው።

ውጭ አገር ላሉት ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ጫት በአሜሪካ ክልክል ነው፤ በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ታግዷል። ስለዚህ ሰው ይደብቃል። ወሬው በሐበሻው ዘንድ ይዞራል ብሎም ይሰጋል። ግን ሐኪም ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚ እንዲቀርብ መጠየቅም ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ጭንቀት ሲበረታበት 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት በነፃ መደወል ይችላል።

ቢያገረሽበትስ?

ብዙ ሰው ያገረሽበታል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከፍ ሲል "ሕክምናው ከንቱ ነው" አይባልም፤ ምን እንደተፈጠረ ይታያል፣ ይስተካከላል። እዚህም እንደዚያው ነው። የት ነበር? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት? ምን አስከፍቶት ነበር? እነዚህን ማወቅ ለሚቀጥለው ጊዜ ስንቅ ነው።

ያ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ሰው ስምንት ሰዓትን አክስቱ ቤት ያሳልፍ ጀመር። አክስቱ ቡናዋን ከጠዋት ወደ ስምንት ሰዓት አዛወረችው፣ ለእሱ ብላ። ሁለት ጎረቤቶች ይመጣሉ። ፈንዲሻ አለ። መጀመሪያ ላይ ከሴቶች ጋር ቡና ላይ ተቀምጦ ዋለ ተብሎ ተስቆበታል። ቆየ። አምስተኛ ወሩ ላይ አንድ ወዳጁ ሲያገባ ሙሽራው ቤት ቃመ። በማግስቱ ከቤት አልወጣም፣ ስልኩን አላነሣም። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አነሣው። አክስቱ ነበረች።

"ቡናው ፈልቷል፣ የት ነህ?" አለችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችውም።